በሸሚዞች መካከል የተሰጣው ፋሻ

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ እርጥብ ነገር አይወዱም። አርባ ዓመት ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሰው እርጥብ ነገር እንዴት ይጠላሉ ቢባል መልሱ እሳቸው ዘንድ አለ። «ማጠብማ ማንም ያጥባል፤ ሥራው ማድረቁ ላይ ነው» ይላሉ። በእኛ ላውንደሪ ቤት የትራስ ልብስ እንኳ ስፌቱ ሳይደርቅ አይታጠፍም። ስፌቱን በሁለት ጣት ቆንጥጠው፣ ጉንጫቸው ላይ አስደግፈው፣ ቀዝቀዝ ካላቸው መልሰው ወደ ገመዱ ይሰዱታል። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ ቢሆንም ግድ የላቸውም። «እርጥብ ለብሰህ ደረትህን ቢያምህ እናትህ የምትረግመው እኔን ነው» ብለው ወንበር ያሳዩታል።

ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ በኋላ ያደረጉትን ነገር ማንም ሰው ከክፋት እንዳይቆጥርባቸው ብዬ ነው።

በቤቱ የምንሠራው ሦስት ነን። አማቴ ያጥባሉ፤ ግትር ቆሻሻ ማስለቀቅም የእሳቸው ነው። እኔ ልብስ እቀበላለሁ፣ የጎደለ ቁልፍ እተክላለሁ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ይተኩሳል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አራት ነበርን። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው፤ አማቴ ይህን የሚያስታውሱት ሳሙናው አረፋ ሲያንሰው ብቻ ነው።

ተኳሹን ዋርሳዬን ደንበኞች «ኮሌታው» ይሉታል። ሸሚዝ ሲተኩስ ሰውነቱን እንደማንኛውም ሰው ይተኩሰዋል፤ ኮሌታው ላይ ሲደርስ ግን ወሬውን ያቆማል። ወሬ የሚያቆመው በቀን ውስጥ ያኔ ብቻ ስለሆነ ሁላችንም ኮሌታ የበዛበትን ቀን እንወዳለን። በቀኝ እጁ ካውያውን ከጫፍ ወደ መሐል ይነዳና መሐል ላይ ሲደርስ ትንሽ አንስቶ ያሳርፈዋል። ሌላ ሰው ሲሞክረው ይሸበሸባል። እኔ ሞክሬዋለሁ።

እጁ የተቃጠለው ግን በካውያ አይደለም። አንሶላና ሱሪ የምንተኩስበት የእንፋሎት መተኮሻ አለን፤ በእግር ሲረገጥ ክዳኑ ይወርዳል። ማክሰኞ ዕለት ሱሪ አጋድሞ በቀኝ እጁ ጫፉን እያስተካከለ ሳለ አማቴ ከጓሮ «በልተሃል?» ብለው ጠየቁት። «በልቻለሁ» ሊል ፊቱን አዞረ፤ እግሩ ግን ሥራውን ቀጠለ። የእጁ ጀርባ ከጣቶቹ እስከ አንጓው ድረስ ተላጠ።

«ደግሞኮ አልበላሁም ነበር» አለኝ ወደ ክሊኒክ ስንሄድ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። «ዋሽቼ ነው የተቃጠልኩት እትዬ። በልቼ ቢሆን አይቆጨኝም።»

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ቅባትና ጎዝ አደረጉለት። በሁለተኛው ሳምንት እጁ አበጠ፣ መግል ያዘ፣ ትኩሳት መጣ። ሆስፒታል ወሰድኩት። ያንን ሆስፒታል ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ግን ሌላውን ፎቅ ነው።

የቃጠሎ ሐኪሙ ረጅም፣ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። እጁን አገላብጦ አየና ሁሉንም ነገር ለእኔ ነገረኝ፤ ኮሌታው ጣራ ጣራውን ያይ ነበር።

«ቁስሉ አመርቅዟል። መድኃኒት እሰጠዋለሁ፣ ጥሩ መሸፈኛም ይደረግለታል። ሰኞ አየዋለሁ። ካልተሻለ ማክሰኞ የሞተውን ቆርጬ አነሳለሁ፤ ሲጠራ ደግሞ ከጭኑ ቆዳ ወስጄ እለጥፋለሁ። ያ ከሆነ ጣቶቹ ይገተራሉ ብዬ እፈራለሁ።»

«ካውያ መያዝ ይችላል?»

የራሱን እጅ ግማሽ ጨብጦ አሳየኝ። በዚያ ጭብጥ ውስጥ የካውያ እጀታ አይገባም።

«ከጭን የመጣ ቆዳ ኮሌታ መተኮስ መቼ ያውቃል» አለ ኮሌታው ለጣራው። አልሳቅንለትም፤ እሱም አልሳቀም።

ፋሻ የምትለውጠው ነርስ አጠር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት። ቁስሉን አጥባ ከአንድ እሽግ ውስጥ ከፖስታ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ነገር አወጣች።

«ሲስተር፣ ይኼ ይበላል?» አላት ኮሌታው።

«ሃይድሮጄል ነው። ከመቶ ዘጠናው ውኃ ነው። የቀረው ውኃውን የሚይዝ መረብና ጀርም የሚገድል መድኃኒት ነው።» ዘርግታ ስታስቀምጥለት ትንፋሹን ለቀቀ። «ቀዘቀዘኝ» አለ። ከተቃጠለ ወዲህ እጁን በሚመለከት የሰማሁት የመጀመሪያው መልካም ቃል ነበር።

ነርሷ ደኅናውን እጁን ይዛ በጣቶቹ ቆጠረችለት። «እስከ ሰኞ አይነካም። አይገለጥም። አይታጠብም። አይደርቅም።»

ያ ቀን ዓርብ ነበር። ቤት ስንገባ ለአማቴ አራቱንም ደገምኩላቸው። «እሺ» አሉ፤ ይህ «እሺ» ቀለም አይለቅም ለሚል ደንበኛ የሚሰጡት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በፊት የታጠበ አንሶላ ላደርስ ወጣሁ። ስመለስ በጓሮ በኩል ገባሁ። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች፤ ገመዱ ሞልቷል። በሁለት ነጭ ሸሚዞች መካከል በሁለት መቆንጠጫ የተያዘ፣ መዳፍ የማያህል፣ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ጠንካራ ነገር ይወዛወዛል። ከአንዱ ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የወጣ ፕላስቲክ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ነካሁት። እንደ ጥፍር ነው።

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የልጁ ፋሻ ነዋ። ደርቋል፣ አንሺው።»

«አጠቡት?»

«ታዲያ እንደቆሸሸ ልመልስለት?» ከገንዳው ቀና አሉ። «ያቺ ነርስ እርጥቡን ጠቅልላ ነው የሰደደችው ልጄ። ስገልጠው ውኃ ነው። አልፈርድባትም፤ ሰው ይበዛባቸዋል፣ ቸኩላ ይሆናል።»

ኮሌታው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በላዩ አራት ማዕዘኑ የተስተካከለ የተተኮሰ መሐረብ ተጥሎበታል።

«አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳት። ‹አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ነርስ ያለችህን ታምናለህ› አለችኝ።»

«እጅህን መሰብሰብ አቅቶህ ነው?»

«እናት ናት እትዬ። ደግሞ እጇ አያምም፤ በለብ ያለ ውኃ እያራሰች ነው ያነሳችው። ነርሷ ብትማርላት አይከፋም።»

«አየሽ» አሉ አማቴ ከበሩ ላይ።

የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ማለት ይህ ነው። ሁለቱንም ትቼ ያንን ደረቅ ነገር ሳህን ውስጥ አስቀምጬ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አፈሰስኩበት። ለምን እንዳደረግሁት አሁንም አላውቅም፤ ምናልባት የተማርኩት ትምህርት አንድ ቀን ይጠቅማል የሚል ተስፋ ይሆናል። ውኃውን ጠጣው። መጀመሪያ ጠርዙ ተፈታ፣ ቀጥሎ ለሰለሰ፣ ቀጥሎ ያድግ ጀመር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሳህኑን አፍ ሞልቶ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ።

አማቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንዲህ ያለ ጨርቅ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ከታጠበ በኋላ የሚያድግ። በይ እንግዲህ፣ ሰፍቶለታል፣ መልሺለት።»

«አይመለስም እማማ። በእኛ ገንዳ፣ በእኛ ገመድ ዞሯል። ጀርም ይዟል።»

«የእኔ ገንዳ?»

ኮሌታው በደኅናው እጁ አፉን ሸፈነ። እኔ ያደገውን ነገር በፕላስቲክ ከረጢት ከተትኩ፣ እጁን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩና «ተነሡ» አልኩ። አማቴም ተነሡ። ገንዳቸው ስሙ ጠፍቷልና ይከራከሩለታል።

ነርሷ ቅዳሜም ተረኛ ነበረች። ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የትናንቱ ነው» አልኩ።

«የትናንቱ እንዲህ አያክልም።»

«ጠጥቶ ነው» አላት ኮሌታው።

ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ገመዱ ላይ ስደርስ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

«በምን አጠባችሁት?»

አማቴ አገጫቸውን አነሱ። «ለነጭ ልብስ በምናውለው ሳሙና። አንዴ በቀዝቃዛ፣ ሁለቴ ለብ ባለ አለቀለቅሁት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በረኪና አልነካሁትም።»

«እኔ አልቆጣም» አለች ነርሷ፣ አንገቷ እየቀላ። «እዚህ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የጣሉት አሉ። የቀደዱት አሉ። አንድ ሰውዬ ውሻው በልቶበት መጥቷል። አስጥቶ የመጣ ግን የለም።»

«ቁስል ካልደረቀ አይድንም» አሉ አማቴ። «ይህን አንቺም እኔም ሳንወለድ ሰው ያውቀዋል።»

«እናቴ፣ ይምጡ ወዲህ።»

መብራቱን ጎትታ ከእጁ በላይ አቆመችው። ወደ አንጓው በኩል ጄሉ በደንብ ያረፈበት ቦታ ላይ ቀጭን፣ ሮዝ፣ የሚያብለጨልጭ ጠርዝ ወጥቷል። ጣቶቹ ግርጌ ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ በመሐረብ ብቻ ተሸፍኖ የዋለው ክፍል፣ ደርቆ ቡናማ ቅርፊት ይዟል።

«ይህ አዲስ ቆዳ ነው። ከዳር እየተንፏቀቀ ነው የሚመጣው። እርጥብ ካገኘ ይንሸራተታል። ይህን ቅርፊት ሲያገኝ ግን ግድግዳ ነው፤ ከሥሩ ቆፍሮ ማለፍ አለበት። ጀርሙ ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ተደላድሎ ይበላል። ሐኪሙ ሰኞ ሲገልጠው ይህን ግድግዳ ካየ ቢላውን ያነሳል። ገባዎት?»

አማቴ ጎንበስ ብለው አዩ። ስፌት ሲመረምሩ እንደሚያዩት ነበር፣ አንድ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው። አማቴ ዝም ሲሉ ሰው ይጨንቀዋል፤ ኮሌታው መቀለድ ጀመረ፣ አልተሳካለትም፣ ተወው።

«አረንጓዴውስ?» አሉ በመጨረሻ።

«የቱ አረንጓዴ?»

«ፋሻው ጠርዝ ላይ የነበረው። እሱንስ ምን ትይዋለሽ?»

«እናቴ፣ ጄሉ ቀለም የለውም።»

«እኔ ነኝ ያጠብኩት ወይስ አንቺ?» ቀጥ ብለው ቆሙ። «አረንጓዴ ነበር። ቅጠልያ አይደለም፣ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው። ሣር እንዳልል፣ የሣር በአልኮል ይለቃል። የመዳብ ዝገት እንዳልል አይሻክርም። ሽታው ጣፋጭ ነው፣ እንደ ከረመ የወይን ፍሬ። ሳሙናው አልነካው ሲል በሎሚ ነው ያስለቀቅሁት። ሎሚው ሲነካው ደግሞ ቀላ ብሎ ነው የሄደው። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቆሻሻ አላጋጠመኝም።»

ነርሷ ጓንቷን ግማሽ እንዳጠለቀች ቆማ ቀረች። «በየትኛው ጠርዝ?»

አማቴ ከረጢቱን ተቀበሏት። ጄሉ በእጥፍ አድጓል፣ ፊቱና ጀርባው አይለይም። እሳቸው ግን ጓደኛው እንደ ጠፋ ካልሲ ሁለት ጊዜ አገላበጡና በጣታቸው ነኩት። «እዚህ። በትንሿ ጣቱ በኩል።»

ነርሷ ከትንሿ ጣት አጠገብ ያለውን ቅርፊት በእርጥብ ጎዝ አለስልሳ ቀስ ብላ አነሳችው፤ አሸተተችው። ከዚያ በጥጥ ጠቅሳ ናሙና ወሰደችና ስልክ አነሳች። ለሐኪሙ ስትናገር ሰማኋት፤ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ሎሚውን ሳይቀር ነገረችው። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ይህ ቀለም የአንድ የታወቀ ጀርም ነው። የሚወስደው ክኒን እሱን አይነካውም። ዛሬውኑ መድኃኒቱ ይቀየራል፤ መሸፈኛውም ብር ያለበት ይሆናል። ጌጥ የሚሠራበት ብር፣ እጅግ ደቅቆ። ይህን ጀርም እሱ ይገድለዋል።» ትንሽ አሰበች። «ውስጥ ውስጡን እስከ ሰኞ ቢቆይ...» አልጨረሰችውም።

«ታዲያ ደግ አደረግሁ» አሉ አማቴ።

«አላደረጉም።»

«ምስጋና ጠብቄ አይደለም።»

«አላመሰግንም።» ከመደርደሪያው አንድ እሽግ አወጣች። «የዚህ ዓይነቱ የቀረን አንድ ነው። ሌላ የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። ይህን ያጠበ ሰው እንዳይመለስብኝ።»

ሸፍና፣ ጠቅልላ፣ ጫፉን በፕላስተር ስትይዝ አማቴ በነጭ ጋውኗ እጅጌ ላይ ያለውን ቡናማ ነጠብጣብ ያያሉ። ነርሷ አየቻቸው።

«አዮዲን ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይለቃል?»

«ከገባሁ ጀምሮ እያየሁት ነበር» አሉ አማቴ። «አውልቂው።»

እሑድ ቤቱ ዝግ ነው። አማቴ ወንበራቸውን ከኮሌታው ወንበር አጠገብ አድርገው ዋሉ። ዝንብ ሲመጣ ያባርራሉ፤ ዝንብ ባይመጣም ያባርራሉ። አንድ ጎረቤት «ክፈቱለት እንጂ አየር ይግባው» ብሎ ቢመክር በነገር ወግተው ከደጅ መለሱት። በየሰዓቱ ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ፋሻው ላይ ያስደግፋሉ።

«ቀዝቀዝ ይላል» ይላሉ። «ጥሩ ነው።»

«እማዬ፣ ያሳክከኛል።»

«ቻለው።»

«አፍንጫዬንኮ ነው።»

አፍንጫውን አከኩለት፤ ግራ እጁ ደኅና መሆኑን ሁለቱም የረሱት ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ሳለ እኔና እሳቸው አንሶላ አጠፍን። አንሶላ ለሁለት ሲታጠፍ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ነው የሚቆመው።

«‹በልተሃል› ባልለው ኖሮ» አሉ።

«አልበላሁም ነበር ብሏል። ቀድሞ ቢነግርዎት ኖሮ መተኮሻው ጋ አይደርስም ነበር።»

«ታላቅ ወንድሙንም እንዲሁ ነበር የምለው። ከበር ሳይገባ።»

ጫፉን ከጫፍ ገጠምኩና ወደ እሳቸው ሄድኩ፤ እሳቸው የታችኛውን ያዙ። «ይህ ስፌቱ አልደረቀም» አሉ። ደርቆ ነበር። መልሰን ሰቀልነው።

ሰኞ ሦስታችንም ሄድን። ኮሌታው በመንገድ ላይ አንድም አልቀለደም፤ እኔም የሚያስቅ ነገር ብፈልግ አጣሁ። ሐኪሙ ተቀምጦ ነርሷ ፋሻውን ፈታች፣ ጄሉን አነሳች። አማቴ ከእኛ ሁሉ ቀድመው አንገታቸውን አስገቡ።

«አረንጓዴ የለውም» አሉ።

«እናቴ፣ ሐኪሙ ይይ» አለች ነርሷ።

ሐኪሙ አየ። በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። አሸተተ። የላቦራቶሪውን ወረቀት አንብቦ አስቀመጠ። ሮዙ ጠርዝ ከአንጓው ተነስቶ ወደ እጁ ጀርባ ገፍቷል፤ ከጣቶቹ በኩልም ሌላ መጥቷል። ቅርፊቱ ሟሙቶ ሄዷል። በትንሿ ጣት በኩል ብቻ ገና ቀይ ነው።

«ነገ ለቀዶ ጥገና አይገባም» አለ ሐኪሙ።

አማቴ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ።

«ጣቶቹን እንይ።» ሐኪሙ ሁለት ጣቶቹን በኮሌታው መዳፍ ውስጥ አስገባ። «ጨብጠኝ። በቀስታ።»

ኮሌታው ጥርሱን ነከሰ። አውራ ጣቱ መጣ። አመልካቹ መጣ። መሐለኛው መጣ። የቀለበት ጣቱ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ትንሿ ግን ቀጥ ብላ ቆማ ቀረች። ግንባሩ ላብ አወጣ። «ነይ እንጂ» አላት። አልመጣችም።

«እሷ ልምምድ ትፈልጋለች» አለ ሐኪሙ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ምናልባት ሙሉ በሙሉ አትታጠፍም።» ከዚያ አንድም ቀን ካውያ እንዳልያዘ ሰው ጠየቀ፤ «ካውያ በስንት ጣት ነው የሚያዘው?»

ኮሌታው ይህን ተጠይቆ አያውቅም። በግራ እጁ አየር ጨብጦ ወደ ፊት ገፋ። እኔም ሳላስበው እጄን አነሳሁ። አማቴ ከወንበራቸው ላይ ሆነው የሌለ ካውያ ከግራ ወደ ቀኝ ነዱ። ነርሷ ጀመረች። ሐኪሙም በነጻ እጁ ሞከረ፤ አያያዙ መጥፎ ነበር፣ አማቴ «አንጓህን ልቀቀው» አሉት፣ አስተካከለ። አምስት ሰዎች ኮሌታ የሌለበት ክፍል ውስጥ ኮሌታ ስንተኩስ ቆየን።

«በአራት» አለ ኮሌታው። ጣቶቹን ደግሞ ቆጠረ። «አውራ ጣትና እነዚህ ሦስቱ። ትንሿ እላይ ሆና መጋለብ ነው እንጂ ምንም አትሠራም። ይኸው እስከ ዛሬ እየቀለብኳት ኖሬያለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«በአራት ነው እትዬ» አለኝ።

«ጥሩ» አለ ሐኪሙ። «በቃ፣ ልቀቀኝ።»

አልለቀቀውም። ሐኪሙ ጣቶቹን ሊወስድ ሁለት ጊዜ ሳብ አደረገ፤ በሦስተኛው ጣቶቹን ትቶለት ተቀመጠ።